ሰባ አንድ ዲግሪ

ላፕቶፑ መጀመሪያ የጠፋው ዓርብ ግንቦት 20 ቀን 2058 ዓ.ም. ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። ዶሮዋን እያባረርኩ ነበር። ልይዛት ሁለት እርምጃ ሲቀረኝ የማራገቢያው ጩኸት ጨመረ፣ ከዚያ ስክሪኑ ድርግም አለ። ማስጠንቀቂያ አልሰጠ፣ ድምፅ አላሰማ፤ ከቁልፎቹ ሥር የሚበራው ቀይ መብራት እንኳ አብሮ ጠፋ። ሃያ ዓመት መዝገብ ቤት ስለሠራሁ ሰዓት መጻፍ ልማዴ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ጥግ ጻፍኩት።

ዶሮዋ የወረፋው ናት። በየሰዓቱ ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ ገበያው ውስጥ ትለቀቃለች፤ ተሰላፊው ሁሉ የየራሱን ዶሮ ሰው ሳይገፋና ቅርጫት ሳይደፋ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሮጦ ይይዛል። የተሰለፈው ሰው እንጂ ፕሮግራም አለመሆኑ የሚረጋገጠው በዚህ ነው። ድሮ ወረፋው ቁጥር ብቻ በነበረበት ጊዜ ቢጣራ ከግማሽ በላዩ ተሰላፊ ሰው ሆኖ አልተገኘም አሉ። ስለዚህ ዛሬ ጡረታ የወጣ ዳኛም፣ የአውቶቡስ ሾፌርም፣ እኔም ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አስራ አንድ ሰዓት ላፕቶፓችን ፊት ተቀምጠን ስክሪኑ ውስጥ እንሰለፋለን፤ በሰዓት አንድ ጊዜ ደግሞ ዶሮ እናባርራለን። መሥሪያ ቤቴ የወረፋ ፈቃድ ሰጥቶኛል። ከክፍላችን አስራ አንድ ሠራተኞች ሰባታችን የወረፋ ፈቃድ ላይ ነን፤ የቀሩት አራቱ የእኛን ፈቃድ ይመዘግባሉ።

እኔ የተሰለፍኩት ለእናቴ ነው። እማዬ፣ ወይዘሮ ፍሬሕይወት፣ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁለቱም ዓይኖቿ ጉም ለብሰዋል፤ የቀን ብርሃንና የሰው ጥላ ብቻ ትለያለች። የዓይን ብሌን ንቅለ ተከላ ያስፈልጋታል። ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮናል፦ እስከ መስከረም ካልተሠራላት የውስጡም አብሮ ይሞታል፣ ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር የለም። ወረፋው ከጅራት ቀጠሮ እስከሚሰጥበት መስኮት አስራ አራት ወር ይፈጃል። ያን ዓርብ እኛ አስራ ሦስተኛው ወር ላይ ነበርን፣ ቁጥራችን ሃያ ስድስት ደርሶ። ከዚያ ከወጣን እማዬ ታወረች ማለት ነው።

ላፕቶፑ የጌም ላፕቶፕ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ወጣቶች ኳስና ጦርነት የሚጫወቱበት ዓይነት፣ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ለአንድ እጅ የሚከብድ። ወረፋው የተሠራው በዚያ ዘመን ማሽን ልክ ስለሆነና ከዚያ ወዲህ ማንም ስላልነካው፣ ዛሬ አገሩ ሁሉ የሚያሳድደው ይህን አሮጌ ነው። የእኛን ከተዘጋ ጌም ቤት ነው ያገኘነው። አንዴ ከተመዘገበ አይቀየርም፤ ማሽን የቀየረ ሰው እንደ አዲስ ከጅራት ይጀምራል።

እማዬ ማሽኑ ቤት የገባ ቀን ቀስ ብላ ዳብሳው «ዓይኔን የሚያመጣልኝ ይኼ ነው?» አለች። ከዚያ ወዲህ እንደ ትልቅ እንግዳ ነው የምትይዘው። ሳሎናችን ውስጥ የእጇ ሥራ ያላረፈበት ነገር የለም። ዓይኗ ከደከመ በኋላም ኪሮሹ ከእጇ አልወጣም፤ ቀዳዳውን በጣቷ እየቆጠረች ትሠራለች። በግንቦት አጋማሽ ለወራት ስትደክምበት የከረመችውን አንዱን ጨርሳ ፊቴ ላይ ዘርግታ «አምሯል ወይስ ለማጽናናት ነው የምትይው?» ብላኝ ነበር። እንዳማረ ነገርኳት፤ እውነትም አምሮ ነበር።

ወደ ዓርቡ ልመለስ። ሰው ማሽኑ ሲጠፋበት ወረፋው ውስጥ ያለው ምስሉ ባለበት ኩርምት ብሎ ይቀመጣል። ከኋላው ላለው ሰው ትእዛዝ ይመጣለታል፦ አልፈው ይራመዱ። ያ ሰው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካለፈ የተቀመጠው ከወረፋው ወጣ። ካላለፈ የተቀመጠው ቦታ ይጠበቃል፣ ያመለጠችው ዶሮም አትቆጠርበትም፤ ነገር ግን ትእዛዙን እምቢ ባለው ላይ አንድ ነጥብ ይያዝበታል። ሦስት ነጥብ የሞላበት ራሱ ወደ ጅራት ይላካል። ደንቡ ይኸው ነው፣ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል።

የማሽኑ ሆድ እጅ አያስነካም ነበር። ለአምስት ደቂቃ ያህል ማብሪያውን እየደጋገምኩ ብጫን አልነሳ አለኝ። ሲነሳና ስገባ ቦታዬ ላይ ነኝ። ከኋላዬ ጋሽ ፍጹም ቆሟል።

«የት ጠፋሽ ልጄ?» አለኝ።

«ማሽኑ ነው ጋሼ፣ ድርግም አለብኝ።»

«እለፍ ብሎኝ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ለምን አላለፉም?»

«ሰው ተቀምጦ እያየሁ?» አለ፤ የጠየቅኩት ነገር ግራ ያጋባው መሰለ።

ጋሽ ፍጹምን በአካል አይቼው አላውቅም። ጎባ ሆኖ ነው የሚሰለፈው፤ መንገድ ሲቀይስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። የተሰለፈው ለሚስቱ ለእትዬ ሊዲያ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ አሁን መርፌ አታይም። ለእሷ የተሰጣት ቀን እስከ ጥቅምት ነው። ወረፋው ውስጥ ከፊትና ከኋላ ያለውን ሰው ብቻ ነው መስማት የሚቻለው፣ ስለዚህ አስራ ሦስት ወር ሙሉ ድምፁ ቤታችን ውስጥ ኖሯል። ከእኔ ይልቅ የእማዬ ወዳጅ ነው። ድምፅ ማጉያውን ከፍቼላት እሱ ስለ ሚስቱ ስፌት ያወራላታል፣ እሷ ስለ ክር ውፍረት ትነግረዋለች፤ እኔ መሐል ቁጭ ብዬ ዶሮ እጠብቃለሁ።

ስለ አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ ልናገር፣ በኋላ ስለሚያስፈልግ። ወረፋው እንደተጀመረ ሰው መስኮቱ ጋ ሲደርስ ወደ ኋላው ዞሮ «ይቅደሙ» ይል ነበር። የኋላው ደግሞ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። ይህን ያልጠበቁት ፕሮግራም ሠሪዎች ሁለቱንም ስለፈቀዱ፣ አንድ ቀን ሁለት ሽማግሌዎች ሲግደረደሩ አገሩ በሙሉ ሁለት ሰዓት ቆሞ ዋለ። ከዚያ በኋላ «ይቅደሙ» ለአንድ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ሆነ። በወረፋው ውስጥ ያለ የማንንም ሰው ቁጥር ጽፎ ቦታ መቀያየር ይቻላል፤ እሱ ወዳለህበት ይመጣል፣ አንተ ወደ ነበረበት ትሄዳለህ፤ ስትተላለፉ አንድ ቃል መለዋወጥ ይፈቀዳል። ሲጠቀምበት ያየሁት ሰው የለም።

እሑድ ወረፋው ዝግ ነው። ማሽኑን አቅፌ ከአዳማ መናኸሪያ ጀርባ ወዳለው ነቢል ጥገና ወሰድኩት። ነቢል ሠላሳ ያልሞላው፣ ብዙ የማያወራ ልጅ ነው፤ የወረፋ ማሽን ብቻ ይጠግናል። ጀርባውን ፈትቶ የጌም ቤቱን የሠላሳ ዓመት አቧራ ከማራገቢያው ውስጥ በብሩሽ አወጣ። የደረቀውን ቅባት ፍቆ አዲስ ቀባ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የማሽኑን ሙቀት የምታሳይ ትንሽ ቁጥር አስገባልኝ።

«ዘጠና ዘጠኝ ሲደርስ ራሱን ያጠፋል» አለ። «እንዳይቃጠል ነው። በሽታ አይደለም፤ ጤንነት ነው።»

«መሰለፍ ብቻውን ያግለዋል እንዴ?»

«መሰለፉ ምንም አይለውም። ላባዋ ነው። ዶሮዋ ላይ አርባ ሺህ ላባ አለ፤ ማሽኑ እያንዳንዱን ለብቻው ይስለዋል።»

«ለምን ላባ አበዙባት?»

«እንድታምር ነዋ፣ እህቴ።»

መለማመጃውን ከፍቶ አራት ሰዓት ሙሉ ዶሮ አባረረ። ቁጥሩ ሰባ አንድ ላይ ቆሞ ቀረ፤ አንድም ጊዜ አልተነቃነቀም። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ።

ሰኞ ቤቴ ስከፍተው ቁጥሩ ከመጀመሪያዋ ዶሮ ጋር ሰማንያ ዘጠኝ ገባ። ማክሰኞ ዘጠና አራት። የጠረጴዛ ማራገቢያ አምጥቼ ፊቱ አቆምኩ፤ ወደ ጎን አዞርኩ፤ መስኮት ከፈትኩ፤ የግንቦት የአዳማ አየር ምን ያህል እንደሚያግዝ የሚያውቅ ያውቀዋል። ረቡዕ ግንቦት 25 ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሃያ ሁለት ደቂቃ ላይ፣ ዶሮዋ ጎመን ሻጭዋ ሥር ገብታ ሳለች ድርግም አለ።

ስመለስ ቦታዬ ተጠብቋል። ጋሽ ፍጹም ሁለተኛ ነጥቡን ይዞ ቆሟል። ስለ ነጥቡ አንድም ቃል አልተነፈሰም። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

«ጋሼ፣ ሦስተኛ ጊዜ ከጠፋሁ ይለፉኝ። በእትዬ ሊዲያ ይዤዎታለሁ።»

«እሱን ያኔ እናያለን» አለ።

«የሚታይ ነገር የለውም። ከአስራ ሦስት ወር በኋላ እንዴት ጅራት ይገባሉ?»

«አንቺ ማሽንሽን አስጠግኚ። እኔን ተይኝ።»

እውነቱን ልጻፍ። ይለፉኝ እያልኩት በልቤ እንዳያልፈኝ እለምን ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማየው ያችን ቁጥር ብቻ ሆነ። እማዬ ስታናግረኝ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና ሁለት እያልኩ ነው የምሰማት። ዶሮዋን ቀስ ብዬ ላባርራት ሞከርኩ፤ ሦስት ደቂቃው ሊያልፍብኝ አስር ሰከንድ ሲቀረኝ ነው የያዝኳት። በሦስት ደቂቃ ያልያዘ ሰው አይደለም ተብሎ ይወጣል።

እሑድ ግንቦት 29 ነቢልን ለምኜ ቤት አመጣሁት። እማዬ ለስላሳ አስቀርባ እጁን ይዛ መረቀችው። ልጁ ሥራውን ያውቃል፤ አንድ በአንድ ጠየቀኝ።

«ሌላ ከባድ ነገር አብሮ ይከፈታል?»

«ወረፋው ብቻ።»

«ቻርጀሩ ይግላል?»

«ለብ ይላል።»

«የት ላይ ነው የምታስቀምጪው? አልጋ ላይ፣ ትራስ ላይ እንዳይሆን።»

«ጠረጴዛ ላይ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እዚያው ነዋ፣ እያየኸው» አልኩት፣ ትንሽ ቆጣ ብዬ።

ማሽኑን አንስቶ ባዶ ወንበር ላይ አስቀመጠው። ከሥሩ የነበረውን ዳንቴል እንዳይቆሽሽ አጣጥፎ ሶፋው ላይ አኖረ። ሶኬቱን በመለኪያ ለካ፣ የመብራቱ ኃይል ደህና ነው አለ። ወንበሩ ላይ እንዳለ ዶሮ ለቀቀበት፤ ሰባ ሁለት። ሦስት ዶሮ ጨመረ፤ ሰባ ሁለት። ለማንኛውም ብሎ ቻርጀሩን በአዲስ ቀየረልኝ። ሲሄድ ዳንቴሉን መልሶ አነጠፈ፣ ጫፉን በመዳፉ አስተካከለ፣ ማሽኑን በላዩ አስቀመጠ። «አሁን እንግዲህ ምንም አይልም» አለን።

ሰኞ ግንቦት 30 ቀን ቁጥራችን ስድስት ነበር። እስከ ስምንት ሰዓት ያሉትን ዶሮዎች በዘጠና አምስትና በዘጠና ስድስት መሐል አለፍኳቸው። የዘጠኝ ሰዓቷ ገና ስትለቀቅ ቁጥሩ ዘጠና አምስት ነበር። ወደ ሽንኩርት ተራ ሮጠች። ዘጠና ስድስት። ማቆም አልችልም፤ ካቆምኩ ሰው አይደለሁም። ዘጠና ሰባት። በሁለት ጆንያ መሐል ገባች፤ ዞሬ ጠበቅኳት፤ አልወጣ አለች። እማዬ የማራገቢያውን ጩኸት ሰምታ ከጓዳ መጣች። «ሶሊ፣ ምን ሆነ?» አለች። ዘጠና ስምንት። ዶሮዋ ወጣች፣ እጄን ዘረጋሁ፣ የክንፏን ጫፍ ነካሁ።

ድርግም።

አምስት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ነው የፈጀው። ማሽኑን እንደ ሕፃን ታቅፌ በካርቶን አራገብኩት። ገብቼ ቁጥሬን አየሁ፦ ስድስት። ቦታዬ አለ። ተንበርክኬ ማመስገን አማረኝ። ከዚያ ዞር አልኩ። ከኋላዬ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች፣ የማላውቃት ሴት ቆማለች።

«እዚህ የነበሩት ሽማግሌስ?» አልኳት።

«አሁን ነው የወሰዷቸው፣ ወደ ጅራት» አለች። ቀጥላም «እኔ ግን አላልፍም አልልም እህት፣ ከወዲሁ እወቂው። ልጄ ነው የሚጠብቀኝ» አለችኝ።

«ልክ ነሽ» አልኳት።

እማዬ ማታ እራት ላይ «ጋሽ ፍጹም ዛሬ ዝም አለ» አለች። ማሽኑ እንደተበላሸበት ነገርኳት። «ምስኪን፣ እዚህ ደርሶ» ብላ ከንፈሯን መጠጠች።

ረቡዕ ሰኔ 2 ቀን ጠዋት ቁጥራችን ሁለት ነበር። መስኮቱ ይታየኛል፤ መስኮት ይባል እንጂ አረንጓዴ በር ነው፣ በላዩ መብራት። የአራት ሰዓት ከሃያዋን ዶሮ ዘጠና ሰባት ላይ ሆኜ ያዝኳት። ለመጥፋት ሁለት ዲግሪ ቀርቶታል። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በመውረድ ፈንታ እዚያው ቆየ። ከአራት ሰዓት ተኩል ጥቂት አለፍ ሲል ከፊቴ ያለው ሰው ወደ በሩ ገባ፤ እኔ አንደኛ ሆንኩ። አረንጓዴ ሹራቧ ሴት ከኋላዬ ትተነፍሳለች። እሱ ወጥቶ ከአምስት ሰዓት ከሃያ በፊት ካልተጠራሁ ሌላ ዶሮ አለ፤ ከእሷ እንደማልተርፍ አውቄዋለሁ።

እማዬ በዚህ መሐል ነው የመጣችው። ሁልጊዜ ረፋድ ላይ እንደምታደርገው ጠረጴዛውን በእጇ ጠራረገች፣ የዳንቴሉን ጫፍ ልታቃና ጎንበስ አለች፣ ከዚያ እጇን ሰበሰበች።

«ይሄ ነገር ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚግል?» አለች። መልሳ ዳሰሰችው። «ክሩ ደርቋል እኮ። ከኋላ በኩል ሊቃጠል ነው። ሶሊ፣ እስኪ ማሽኑን አንሺልኝ።»

«እማዬ፣ አሁን አይሆንም።»

«አንሺ አልኩሽ።»

ከፍ አደረግኩላት። እሷ ዳንቴሉን ሳበችው። ድርብ ነው፣ ወፍራም፤ ዳር ዳሩን በስኳር ውሃ አጠንክራ ወደ ላይ አቁማዋለች። የቆመው ጠርዝ የማሽኑን የኋላ መተንፈሻ በሙሉ ሸፍኖት ኖሯል፣ ከሥር ያለው ደግሞ የሆዱን። ማሽኑን ባዶው እንጨት ላይ አስቀመጥኩት። ዘጠና ሰባት። ዘጠና አንድ። ሰማንያ አራት። ሰባ ስድስት። ሰባ አንድ፣ ከዚያ ቆመ። ማራገቢያው ጸጥ አለ። ቤታችን ውስጥ ለሦስት ሳምንት ሰምቼው የማላውቀው ጸጥታ ሆነ።

ጠረጴዛ ላይ ነው ብያለሁ፣ ዋሽቼም አልነበረም። ዳንቴል ነገር ነው ብሎ የሚቆጥር ማን አለ? ነቢል ራሱ አጣጥፎ አስቀምጦ መልሶ ያነጠፈው ቤታቸው ቴሌቪዥኑ፣ ማቀዝቀዣው፣ ሁሉም እንዲሁ ለብሶ ስላደገ ነው። ሁለታችንም በሙሉ ዓይናችን እያየነው አላየነውም።

እማዬ ዳንቴሉን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ጣቶቿን አንድ በአንድ ስታጥፍ እየቆጠረች እንደሆነ አወቅኩ።

«ይሄን ያነጠፍኩት መቼ ነው?»

«ግንቦት አጋማሽ።»

«መጥፋት የጀመረው?»

«ሃያ ላይ።»

«ስንት ጊዜ ጠፋ?»

አስራ ሦስት ወር ከአጠገቤ ተቀምጣ ወረፋውን ስትሰማ የኖረች ሴት ናት፤ ደንቡን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

«ሦስት» አልኳት።

«እንግዲያ ፍጹም ማሽኑ አልተበላሸበትም።»

«አልተበላሸበትም።»

«ጅራት ነው ያለው።»

«አዎ።»

ጣቶቿ የደረቀውን ክር እየፈተሹ ነበር። «ይቅደሙሽን አልተጠቀምሽበትም አይደል?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ነው የፈራሁት፤ ከቁጥሩም በላይ ፈራሁ። «እማዬ፣ እባክሽ።»

«ስትጠሪ ለእሱ በይለት።»

«መስከረም ነው የተባልሽው። አሁን ጅራት ከገባን አለቀልሽ።»

«መስከረሙን እኔም አውቀዋለሁ። ሊዲያም ጥቅምቷን ታውቀዋለች።»

«ሰውየው ራሱ ነው የመረጠው። እለፈኝ ብዬዋለሁ፣ ለምኜዋለሁ።»

«እኔም እየመረጥኩ ነው። ደግሞ ይሄን የሠራሁት እኔ ነኝ።» ዳንቴሉን ወደ እኔ ዘረጋችው። «ዓይኔ በርቶ ቤቴ ስገባ መጀመሪያ የማየው ምን ይመስልሻል? ይሄን ነው። የሰው ሚስት ጨለማ ላይ ጥዬ እሱን ሳይ ልኑር?»

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው በር ተከፈተ፤ መብራቱ በራ። አራት ሰዓት ከሃምሳ። ስልሳ ሰከንድ መቁጠር ጀመረ። ሁለት ቁልፎች መጡ፦ ይግቡ፣ ይቅደሙ።

«ተጠራን?» አለች።

«ተጠራን።»

እጇን ትከሻዬ ላይ አደረገች። እኔ የጆሮ ማዳመጫውን አንስቼ ሰካሁ። ለምን እንደሰካሁት ያን ጊዜ ለራሴ አልነገርኩትም፤ እጄ ግን ያውቅ ነበር።

ይቅደሙን ተጫንኩ። ቁጥር ይጻፉ አለኝ። ስምንት መቶ ሰማንያ ሰባት ብዬ ጻፍኩ፤ ሰኞ ዕለት ፈልጌ አግኝቼ፣ ሲቀንስ ስከታተለው የከረምኩት ቁጥር ነው። ቁልፎቹ ሲንኳኩ እማዬ በጆሮዋ ተከተለቻቸው። ስሙ ወጣ፦ ፍጹም፣ ጎባ፣ ለባለቤቱ ለሊዲያ። ትንሿ ምስሉም ወጣች፤ ከማላውቃቸው ሰዎች ኋላ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። እርግጠኛ ነዎት? አለኝ። ሠላሳ አንድ ሰከንድ።

የእማዬ እጅ ቀላል ነበር። አይጫነኝም፣ አይገፋኝም። አምናኝ ነው ያስቀመጠችው።

አሥራ ስምንት ሰከንድ ሲቀር ቁጥሩን ሰረዝኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። ከዚያ ይግቡን ተጫንኩ።

«አልሽው?»

«አልኩት።»

«ሰማ? ምን አለ?»

«አመሰገነ» አልኳት። «ለእትዬ ፍሬ ሰላም በይልኝ አለ።»

«ተባረኪ ልጄ» አለች። ድምፅዋ እንደ ወጣት ሴት ቀሎ ነበር። ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝና ተቀምጣ የዳንቴሉን የተቃጠለ ጠርዝ መተርተር ጀመረች።

በጆሮዬ ውስጥ አንዲት ሴት እንኳን ደስ አለዎት ትለኛለች። የታካሚዋን ስም አነበበችልኝ። ቀጠሮው ሰኔ 14 ቀን ነው። ሐኪም ቤቱ ደውሎ ይጠራታል፤ ያን ቀን ታውቃለች። እምቢ ካላለች ደግሞ የዓይኗን ፋሻ ሲያነሱላት ፊት ለፊቷ የምቀመጠው እኔ ነኝ። እስከዚያ አስራ ሁለት ቀን አለኝ፤ አስራ ሁለት ቀን ከጎኗ ተቀምጬ ስለ ጋሽ ፍጹም ስታወራ እሰማለሁ።

«ቀጠሮዎን ለማረጋገጥ» አለች ሴትዮዋ፣ «እባክዎ ዶሮዋን ይያዙ።»

ገበያው ተከፈተ። ዶሮዋ ተለቀቀች። ጥግ ላይ ያለችውን ቁጥር አየሁ። አሁን ቢጠፋ ማንም ቦታዬን አይጠብቅልኝም፤ አረንጓዴ ሹራቧ ሴት ታልፈኛለች፣ ልክ ናት፣ እኔም የዋሸሁት ውሸት ይቀርልኛል። ከግንቦት ሃያ ጀምሮ እንዳይጠፋ ስለምነው የከረምኩትን ማሽን ያን ጊዜ እንዲጠፋ ለመንኩት። ማቆም ግን አልቻልኩም። በጎመን ተራ፣ በሽንኩርት ተራ፣ በጆንያዎቹ መሐል ተከተልኳት። አርባ ሺህ ላባዋ አንድ በአንድ ያበራል። ማራገቢያው አይሰማም። ከጎኔ የሚሰማኝ እማዬ የምትተረትረው ክር ብቻ ነው።

ሰባ አንድ። ሰባ አንድ። ሰባ አንድ።

ያዝኳት።